ፈረንጅ ሆኜ የዋልኩ ዕለት

"ሰር፣ የውጭ ዜጋ በዚያ በኩል ነው" አለኝ ትኬት ቆራጩ ልጅ ፈገግ ብሎ። ዞር ብዬ የሚያናግረውን ፈረንጅ ፈለግኩ። ከኋላዬ ማንም የለም።

ቦታው ሲጊሪያ ነው፤ ስሪላንካ ውስጥ፣ ከሜዳው መሀል ወደ 180 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ ቋጥኝ። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ሰው ለጊዜው አስቀምጦት የረሳው ይመስላል። እዚያ ለመውጣት የአገሬው ሰው የሚከፍለው የሻይ ሒሳብ ነው። የውጭ ዜጋ ደግሞ 30 ምናምን ዶላር። እኔ እኮ ይህን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ! ላሊበላ ላይ በአገሬው ሰልፍ ቆሜ፣ ፈረንጆቹ ዶላራቸውን ሲቆጥሩ እያየሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር በክርን እየተጓሸምን "ይክፈሉ እንጂ፣ ምን ይጎድልባቸዋል!" ብለን ስቀናል። ያ ሳቅ ከነወለዱ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

አክስቴ ሒሳቧን ወዲያው ሠራች። "ቤሩት የመጀመሪያ ደሞዜ ስንት ነበር? 100 ዶላር። ይኼ የስንት ቀን ሥራ ነው? የአስር ቀን! አስር ቀን ሙሉ መስኮት ወልውዬ ድንጋይ ልውጣበት? አንተ ሂድና አይተህ ንገረኝ።" ነጠላዋን አጣፍታ ከሾፌራችን ጋር ዛፍ ሥር ቁጭ አለች።

ስለ አክስቴ ትንሽ ላውራ። እኔ የምኖረው ዱባይ ነው። እሷ 11 ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ደሴ ከገባች ቆይታለች። ዘንድሮ ልትጠይቀኝ መጣችና "አንድ አገር ላሳይሽ፣ የት ይሁንልሽ?" አልኳት። ኢየሩሳሌም ትላለች ብዬ ስጠብቅ "ስሪላንካ" አለችኝ። ፊት ለፊቷ ካለው ሕንፃ የምትሠራ አንዲት ስሪላንካዊት ነበረች፤ ልብስ ሲያሰጡ ከበረንዳ በረንዳ ያወሩ ነበር። ሌላም ምክንያት አላት። ሊባኖስ ውስጥ "ሲሪላንኪያ" ማለት በቃ የቤት ሠራተኛ ማለት ሆኗል፣ ከየትም ትምጣ ከየት። እመቤቷ "ሲሪላንኪያሽ የየት አገር ናት?" ተብላ ስትጠየቅ "ኢትዮጵያ" ብላ ትመልሳለች፤ የሚስቅም የለም። "11 ዓመት ሲሪላንኪያ እየተባልኩ ኖሬ" አለች አክስቴ፣ "አገሬን ሳላያት ልሙት?"

ከካንዲ ከተማ የተነሳነው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ደርሶ መልስ፣ አስጎብኚ፣ ምሳ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ሚኒባሱ ውስጥ ጀርመናውያን ባልና ሚስት አሉ፣ ሁለቱም ሁለት ሁለት የተራራ ዱላ ይዘዋል፣ ባጠቃላይ አራት ዱላ። ስድስት ሆነው የመጡ ህንዳውያን ቤተሰብም አሉ፤ እነሱ ዱላ የላቸውም፣ ምግብ ግን ለሦስት ቀን የሚበቃ ይዘዋል። አስጎብኚያችን ቀይ ጃንጥላ የያዘ ቀልጣፋ ልጅ ነው። ከየት እንደሆንን ጠየቀኝ። "ኢትዮጵያ" ስለው "ኦ! ማራቶን!" አለ። ይህንንም ለምደነዋል።

እልህ ያዘኝና ትምህርት ልሰጠው ተነሳሁ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የእስክንድርያ ነጋዴ ስለዚህች ደሴት ሲጽፍ ከኢትዮጵያ የሚመጡ መርከቦች ወደቧን ያዘወትሩ እንደነበር ገልጿል፣ ሰውየው ራሱ አዱሊስን ያየ ነው፣ ስለዚህ እኛ እዚህ ስንመጣ የመጀመሪያ ጊዜያችን አይደለም አልኩት። ልጁ በትህትና ራሱን ነቀነቀ። ራስ አነቃነቃቸው ግን አስቸጋሪ ነው፤ ወደ ጎንና ወደ ጎን ስለሆነ አዎም አይደለምም ይመስላል። እስካሁን ይመን አይመን አላወቅኩም።

እኔ በእንግሊዝኛ ታሪክ ስጠርቅ አክስቴ ከፊት ወንበር ሾፌሩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ "ተዕሪፍ ዐረቢ?" ሰውየው መሪውን ሊለቅ ምንም አልቀረው። ዘጠኝ ዓመት ኩዌት ነድቷል! በቃ። እኛ አገር ሰዎች ኤምባሲ ውስጥ ተገናኝተው የማይግባቡትን ያህል፣ እነዚህ ሁለቱ በማድ ቤት ዓረብኛ ተግባቡ። እሱ "አካ" ይላታል፣ ታላቅ እህቴ ማለት ነው። እሷ "ማሊ" ትለዋለች፣ ታናሽ ወንድሜ። ይህችን ከበረንዳው ነው የተማረችው። እኔ ቀኑን ሙሉ "ሰር" ነበርኩ።

አስጎብኚው የሲጊሪያን ታሪክ በማይክ ሲተርክ ሾፌሩ ለአክስቴ በራሱ መንገድ ይተረጉማል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ካሳፓ የሚባል ልዑል ነበር፤ አባቱ ዳቱሴና የሚባል ንጉሥ፣ እናቱ ግን ንግሥቲቱ ሳትሆን ሌላ ሴት። በ477 በፈረንጆች አቆጣጠር ከጦር አዛዡ ጋር ዶልቶ አባቱን ገለበጠ። ሀብትህን አምጣ ሲለው ሽማግሌው ያሠራው ትልቅ የውኃ ግድብ ጋ ወስዶ ሀብቴ ይሄ ብቻ ነው አለ ይባላል። ልጁ ተናደደና አባቱን ግድግዳ ውስጥ አስመረገው። ዙፋኑ የሚገባው ወንድሙ ሞጋላና ወደ ደቡብ ህንድ ሸሸ። ካሳፓ ወንድሜ ይመጣብኛል ብሎ እንቅልፍ ሲያጣ ቤተ መንግሥቱን ድንጋይ ጫፍ ላይ ሠራ።

ሾፌሩ ግን እንዲህ አለ፤ "ሃዳ መሊክ ሙ ዜን። ባባ፣ ጂዳር ጁዋ። ኸላስ፣ ሞት።" ይሄ ንጉሥ ደግ አይደለም፣ አባት ግድግዳ ውስጥ፣ አበቃ፣ ሞት። አክስቴ ደረቷን መታች፤ "ውይ! የገዛ አባቱን!" የእኔ ትርጉም ይህን ያህል ሰው አስደንግጦ አያውቅም።

እንግዲህ ወጣሁ። 1,200 ገደማ ደረጃ ነው ይላሉ፤ እኔ ከሁለት መቶ በኋላ መቁጠር ትቼ መጸለይ ጀምሬያለሁ። ታች የአትክልት ሥፍራው ደስ ይላል፤ ከ1,500 ዓመት በፊት የተሠሩት ፏፏቴዎች ዝናብ ሲበዛ ዛሬም ውኃ ይረጫሉ። የሰፈሬ ቧንቧ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ከዚያ "ዝም በሉ፣ ተርብ አለ" የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ተርቦቹ ቋጥኙ ላይ ቤት ሠርተዋል፤ ጫጫታ አይወዱም። ህንዳውያኑ በዚያች ሰዓት ለአያታቸው በቪዲዮ ደውለው ድንጋዩን እያሳዩ ነው፤ አያትየው ጆሯቸው አይሰማ መሰል፣ በጩኸት ነው። እኔም ከመናገር ተቆጥቤ ነበር፣ ግን ትንፋሼ ብቻውን ተርብ ይቀሰቅሳል።

መሀል ላይ ሲደርሱ በብረት ጠመዝማዛ ደረጃ ወደ ሥዕሎቹ ይወጣል። ሴቶች ናቸው፤ ወርቅማ፣ አበባ የያዙ፣ ከወገብ በላይ ጌጥ እንጂ ልብስ ያልበዛባቸው። የቀሩት ሃያ ገደማ ናቸው። ፎቶ ክልክል ነው። ጀርመናዊው ዱላዎቹን ለሚስቱ አስይዞ በጣም ረጅም ጊዜ የሥነ ጥበብ ጥናት አደረገ።

ከሥዕሎቹ በታች ያለው ግድግዳ ግን እኔን ገደለኝ። ድሮ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነበር አሉ። ከ6ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ሊጎበኝ የመጣ ሁሉ ጽፎበታል! አንድ የአገሩ ምሁር ከነዚህ ግጥሞች 685ቱን አንብቦ በ1956 አሳትሟቸዋል። አብዛኛው ምንድን ነው? እነዚህ ቆነጃጅት አያናግሩንም፣ ልባቸው ድንጋይ ነው፣ እያለ የሚያለቃቅስ ወንድ ነው። እኛ ሰፈር ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ የተቧጨረው በሙሉ ይሄው አይደል እንዴ? እኔ ራሴ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በኮምፓስ የጻፍኩት አለ፤ ርዕሰ መምህሩ ወላጅ አስመጣኝ። ለካ ችግሩ ቶሎ መታየቱ ነው። አንድ ሺህ ዓመት ቢታገሱኝ ቅርስ ነበርኩ።

ከዚያ የአንበሳው እግር ይመጣል። ድሮ ሙሉ አንበሳ ነበር፣ ሰው በአፉ ገብቶ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ራሱና ገላው ወድቆ ሁለት መዳፍ ከነጥፍሩ ቀርቷል። እኔ ጥፍሩ ላይ ተደግፌ "እዚህ ይበቃኛል" ስል አንዲት የሰባት ዓመት የህንድ ልጅ ቺፕስ እየበላች አለፈችኝ። ምን ይደረጋል፣ ወጣሁ።

ጫፉ ላይ ያለው የጡብ መሠረትና ከድንጋዩ የተፈለፈለ የውኃ ገንዳ ነው። ነፋስ አለ። ዙሪያውን ደን። ላቤ ሲደርቅ አንድ ነገር አሰብኩ። እኛ አገር ዙፋን የሚመኘውን ልዑል ግሸን አምባ ላይ ሰቅለን እንቆልፍበት ነበር፤ ንጉሡ ከታች ይነግሣል። ካሳፓ ደግሞ ንጉሡን ራሱን አምባ ላይ ሰቀለው፣ ተቀናቃኙ ከታች እንደ ልቡ ይዘዋወራል። ወንድሙ በ495 ጦር ይዞ ሲመጣም ይህን ሁሉ ምሽግ ትቶ ሜዳ ወርዶ ነው የገጠመው። ዝሆኑ ረግረግ ሊሸሽ ዞር ሲል ወታደሮቹ ንጉሡ ሸሸ ብለው ተበተኑ፣ እሱም በገዛ ጩቤው አንገቱን ቆረጠ ይላል ዜና መዋዕሉ። 1,200 ደረጃ ለምን አስወጣኸኝ ታዲያ!

ከሰዓት በኋላ ዳምቡላ ሄድን። እዚያ ቋጥኝ ሥር አምስት ዋሻዎች አሉ፤ ውስጣቸው 153 የቡድሃ ምስል፣ ጣሪያው በሙሉ ሥዕል። ቫላጋምባ የሚባል ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ዙፋኑን ተቀምቶ እዚህ አካባቢ 14 ዓመት ተደብቆ ኖሯል፤ ሲመለስ ውለታውን በቤተ መቅደስ ከፈለ። ይሄኛው እንኳን ሰው ነው።

በር ላይ ጫማ ይወለቃል። አስጎብኚው ለፈረንጆቹ ስለ ትከሻ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ኮፍያ ሲያስረዳ አክስቴ ጫማዋን ከነካልሲዋ አውልቃ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። "እንደ ማዳም!" አለ ልጁ በጃንጥላው እያመለከተ። እኔም ኮራሁና "እኛ በዚህ ነው ያደግነው" ብዬ ካልሲዬን አወለቅኩ። ጀርመኖቹ ወፍራም ካልሲ ይዘው መጥተዋል። ሰዓቱ ስምንት ሰዓት፣ ወለሉ ድንጋይ፣ ፀሐዩ ቀኑን ሙሉ ሲያበስለው የዋለ። ከአራተኛው እርምጃ በኋላ እስክስታ ወረድኩ ማለት ይቻላል። ጦጣዎቹ ሳይቀሩ ጥላ ለጥላ ነበር የሚሄዱት።

አክስቴ ደፉ ጋ ስትደርስ እጇ ሳታዝዘው ወደ ግንባሯ ሄደ፣ ልታማትብ። አየር ላይ አቆመችው። ነጠላዋን ያስተካከለች መሰለች። "ለማየት ነው እንጂ ለመሳለም አይደለም" አለችኝ፣ ምንም ሳልላት።

ትልቁ ዋሻ ውስጥ ከጣሪያው ውኃ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ ማሰሮ ተቀምጦ በአጥር ተከልሏል። በድርቅም አይነጥፍም፣ ለሥርዓት ብቻ ነው የምንቀዳው አለ አስጎብኚው። ይህችን መተርጎም አላስፈለገኝም። "ጠበል ነው!" አለች፤ ድምጿ ዋሻውን ሞላው። የያዘችውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አየሁት። እሷም አየችው። "አይ፣ የሰው ነው" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። 153ቱን ሐውልት ትታ አስር ደቂቃ ማሰሮዋን ስታይ ቆየች።

ወደ ካንዲ ስንመለስ "የቅመም አትክልት ሥፍራ፣ ነጻ ጉብኝት" ተባለ። ነጻ የምትለዋን ቃል እኔ መርካቶ ያደግኩ ሰው እንዴት አመንኳት? አንድ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰውዬ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ አስሸትቶን ሲያበቃ "የፈቃደኛ እግር" ብሎ ጠየቀ። ጀርመኖቹ ዱላቸውን አጥብቀው ያዙ። እኔ እግሬን ሰጠሁ። የሆነ ቅባት ለቀለቀኝና ከደቂቃዎች በኋላ በጨርቅ ሲጠርገው ቅልጥሜ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል መላጣ ቀረ። የፀጉር ማስወገጃ ነው! ሁሉም አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ሳይገዙ መውጣት አሳፋሪ ስለሆነ፣ ገዛሁ። ለምን እንደምጠቀምበት አትጠይቁኝ። አክስቴ ቀረፋውን አሽታ ዋጋውን ሰማችና ሾፌሩን አየችው። ሾፌሩ መንገድ መንገዱን አየ። ኋላ መንገድ ዳር አቁሞ በሩብ ዋጋ አስገዛት። የከበረ ድንጋይ መሸጫውንም "አካ ደክሟታል" ብሎ ዘለለልን፤ አስጎብኚው አልተደሰተም።

ማታ ማረፊያችን ገብተን እግሬን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጫለሁ። አክስቴ ደሴ ያለችው እህቷ ጋ ደወለች፣ ድምጹን ከፍ አድርጋ እንደ ልማዷ።

"የት ነሽ?"

"ስሪላንካ።"

"ወይኔ እህቴን! በዚህ ዕድሜሽ? ደሞዙስ ስንት ነው?"

አክስቴ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ቅልጥሜን።

"ደሞዝ የለውም። ድንጋይ ነው የሚወጣው፤ ከፋዮቹ እኛ ነን።"

ስልኩ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ዝም ተባለ።

"በይ ፓስፖርትሽን ያዢ" አለች እህቷ። "ደላላው በልቷችኋል።"