ባክቴሪያ መግደል ብቻውን የቁስል መሸፈኛ አያደርግም
የደረቀ ፋሻ ከቁስል ላይ ሲላቀቅ ያየ ሰው ለቁስል መሸፈኛ የሚሆነውን ውኃ አዘል ለስላሳ ቁስ፣ የሃይድሮጄልን፣ ጥቅም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ፋሻው ገና የተሠራውን ስስ ቆዳ ይዞ ይነሣል። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል ለአየር ከተጋለጠው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያወጣ አሳይቷል። አብዛኛው ክብደቱ ውኃ የሆነው ሃይድሮጄል ይህን እርጥበት ይጠብቃል፤ እርጥበቱ ግን ለባክቴሪያም ስለሚመች ጸረ ባክቴሪያ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ከሚጨመሩት መካከል የሆኑት የብር ማዕድን አዮኖች (ኤሌክትሪካዊ ሙል ማለትም ቻርጅ ያላቸው የብር ቅንጣቶች) መጠናቸው ሲበዛ ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን ቁስሉን የሚጠግኑትን ፋይብሮብላስት የተባሉ ሴሎችም ይገድላሉ። ጤነኞቹ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ረዘም ብለው ከላቦራቶሪው ሳህን ወለል ጋር ተጣብቀዋል፤ የተመረዙት ግን ተኮማትረው፣ ክብ ሆነው ከወለሉ ይላቀቃሉ።

ስለዚህ «99.9 በመቶ ገደለ» የሚለው ዜና ብቻውን አያረካኝም። ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ 1,000 ተርፏል ማለት ነውና፣ የተረፉት በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ ቢሆኑ በአምስት ሰዓት ውስጥ ቁጥራቸው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ያንን ቀሪ መጥረግ የሚችለው የታካሚው የራሱ ነጭ የደም ሴል ነው፤ መድኃኒቱ እሱንም ከጎዳው ትርፉ ምንድን ነው?

ይበልጥ ተስፋ የማደርገው በኤሌክትሪካዊ ሙል ልዩነት የሚሠሩትን ጸረ ባክቴሪያ ንጥረ ነገሮች ነው። የባክቴሪያ ውጫዊ ገጽ ኔጌቲቭ ሙል ሲኖረው፣ የሰው ሴል ሽፋን ውጫዊ ቅባቶች በአብዛኛው ገለልተኛ ናቸው፤ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚዘጋጀው ካይቶሳን ደግሞ በአሲዳማ አካባቢ ፖዘቲቭ ሙል ስለሚይዝ ባክቴሪያውን ይበልጥ ያጠቃል። ሆኖም ይህ ፖዘቲቭ ሙል ከልክ ካለፈ የሰውንም ሴል ይጎዳል፤ ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ፕሮቲንም ገጹን ሸፍኖ ኃይሉን ሊያሳጣው ይችላል።

አይኤስኦ 10993-5 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ የሴሎችን ሕያውነት ከ30 በመቶ በላይ የቀነሰን ቁስ ለሴል መርዛማ ይለዋል። መለኪያው መልካም ነው፤ ነገር ግን ባክቴሪያው ሃይድሮጄሉን በቀጥታ እየነካ፣ ሴሎቹ ግን ሃይድሮጄሉ ተዘፍዝፎበት በወጣ ፈሳሽ ብቻ ሲፈተኑ ሁለቱን ውጤቶች ማነጻጸር አይቻልም። ባክቴሪያውና የሰው ሴል በአንድ ሳህን፣ በአንድ መጠን፣ ለእኩል ሰዓት፣ ፕሮቲን ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ይፈተኑ፤ ከሁለቱም ወገን የተረፈው ቁጥር ጎን ለጎን ይታተም።