ውዳሴ ለአቶ አይሠራም

ሊኑክስ ስለሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ሲስተም ብዙ ተጽፏል። ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) የጻፈው ተመስግኗል። ዲስትሮዎቹን (ሊኑክስ ከነፕሮግራሞቹ ተሰናድቶ የሚታደልባቸውን ዓይነቶች) የመሠረቱት ተመስግነዋል። ዓርማው ላይ ያለው ፔንግዊን እንኳ ቱክስ የሚባል ስም ወጥቶለታል። አንድ ሰው ግን እስከ ዛሬ ተረስተዋል።

አቶ አይሠራም ናቸው።

ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ፕሮግራም ሲበላሽባቸው የዲስትሮውን የባግ (የፕሮግራም ስህተት) መቀበያ ይከፍታሉ። ርዕሱ ላይ «አይሠራም» ብለው ይጽፋሉ። ዝርዝር በሚለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ «ከትናንት ጀምሮ አይሠራም!!! አስቸኳይ!» ብለው ነገሩን ያብራሩታል። ከዚያ ይልኩትና ይተኛሉ።

እስቲ በቅን ልቦና እንፍረድ። ይህ ቁጥብነት ከየት ይገኛል? ተራ ሰው ቢሆን የፓኬጁን (ለመጫን የተሰናዳውን ፕሮግራም) ስም ይጨምር ነበር። የቨርዥኑን ቁጥር ይለጥፋል። ምን ሲነካ እንደተበላሸ፣ ምን ጠብቆ ምን እንዳገኘ ይዘረዝራል። ተርሚናሉ (ኮማንድ የሚጻፍበት መስኮት) የተፋውን የስህተት መልእክት ሳይጨምር ሳይቀንስ ይገለብጣል። ወሬኛ! አቶ አይሠራም ግን ቅኔ ነው የተቀኙት። ሰሙ «አይሠራም» ነው። ወርቁን ሜይንቴይነሩ ቆፍሮ ያውጣው። ሌላ ምን ሥራ አለው?

ሜይንቴይነር ማለት ለማያውቅ፣ አንዱን ፓኬጅ ለዲስትሮው አዘጋጅቶ የሚንከባከበው ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የለውም። እንጀራው ሌላ ነው፤ ይህን ማታ ማታ ነው የሚሠራው። ታዲያ ማታ ቁጭ ብሎ ቅኔ ቢፈታ ምን ይጎዳዋል?

እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን የሚባለው ዲስትሮ በዚህ በኩል ትንሽ ያሳዝናል። ሪፖርትባግ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለው። የፓኬጁን ቨርዥን፣ ከርነሉን፣ ፓኬጁ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ፓኬጆች ሁሉ ራሱ ሰብስቦ ደብዳቤው ግርጌ ያስቀምጥልሃል። አቶ አይሠራም ይህን ሲያዩ ተቆጡ። «ይሄ ሁሉ ኮተት ምንድን ነው?» አሉና ከላይ እስከ ታች አጥፍተው ላኩት። ንጽሕና የሚወዱ ሰው ናቸው።

የክብደት ደረጃ አመራረጣቸውም እንዲሁ ይደነቃል። ዴቢያን ባጎችን በ7 ደረጃ ይከፍላል። ከላይ ክሪቲካል፣ ከታች ዊሽሊስት (ምኞት)። ክሪቲካል ማለት ሲስተሙን በሙሉ የሚሰብር፣ ከባድ የዳታ መጥፋት የሚያስከትል ወይም ለሰርጎ ገብ በር የሚከፍት ነገር ነው። አቶ አይሠራም ክሪቲካልን የመረጡት አንዲት አይከን ከቀኝ ወደ ግራ ስለተዛወረችባቸው ነው። ከላይ ባሉት 3 ደረጃዎች የተመዘገበ ባግ የአዲሱን እትም መውጣት ሊያዘገይ ይችላል። ይዘግያ! አይከኗ ግራ ላይ ቆማ ሕዝብ እንዴት ይተኛል?

ማስረጃ አያመጡም ብላችሁ እንዳታሟቸው። ያመጣሉ። ስክሪኑን በስልካቸው ፎቶ ያነሡታል። ፎቶው ዘመም ያለ ነው። አውራ ጣታቸው አንዱን ጥግ ይዟል፤ የመብራቱ ነጸብራቅ መሃሉን። የስህተቱ መልእክት የምታስፈልገው መስመር ደግሞ ልክ ከፎቶው ጠርዝ ውጪ ትቀራለች። ይህን ሆን ብሎ ማድረግ ከባድ ነው። ሞክሬዋለሁ።

ከዚያ ሜይንቴይነሩ በትሕትና ይጠይቃል፦ «የትኛው ቨርዥን ነው?»

«የመጨረሻው።»

«ሎጉን፣ የፕሮግራሙን መዝገብ፣ ሊልኩልኝ ይችላሉ?»

ጸጥ። 3 ሳምንት ያልፋል። አንድ ቀን አቶ አይሠራም ተመልሰው ይመጣሉ፦ «ፈታሁት። አመሰግናለሁ።»

እንዴት እንደፈቱት? እሱን ይዘውት ይቀበራሉ። ከ5 ዓመት በኋላ ያው ችግር የገጠመው ምስኪን ሌሊት ሲፈልግ ሲፈልግ ይህን ገጽ ያገኛል። ልቡ ይመታል። ወደ ታች ይወርዳል። «ፈታሁት። አመሰግናለሁ።» ይህን ያህል ተስፋ ሰጥቶ ይህን ያህል የሚነሣ ሌላ ጽሑፍ አላውቅም።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ከእሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብዬ ተምሬያለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ፋይል አላስቀምጥ ብሎኝ በንዴት ባግ ከፈትኩ። ዲስትሮው ጥራቱ እንደወረደ፣ ድሮ እንዲህ እንዳልነበር ረዘም አድርጌ ጻፍኩ። መልሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። አንዲት ኮማንድ ጽፈህ ውጤቱን ላክልኝ አለ። ጻፍኳት። ዲስኬ 100 በመቶ ሞልቷል። ውጤቱን አልላክሁም። ዳውንሎድ ፎልደሬን አጸዳሁና «ፈታሁት፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ያን ቀን መመረቄ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የእጅ ማፍታቻ ነው። አቶ አይሠራም በእውነት ሊቅ የሚሆኑት አፕዴት ሲጠይቁ ነው።

የአንድ ፕሮግራም ደራሲዎች አዲስ ቨርዥን ቀትር ላይ ለቀቁ እንበል። ስምንት ሰዓት ሲል የአቶ አይሠራም ጥያቄ ገብቷል፦ «ለምንድን ነው እስካሁን ያልገባው? ይህ ዲስትሮ ሞቷል እንዴ?» ፌዶራ የሚባለው ዲስትሮ ላይ አዲስ ቨርዥን መውጣቱን እየተከታተለ ራሱ ባግ የሚከፍት ሮቦት አለ። አቶ አይሠራም ግን ከሮቦቱ ባግ አጠገብ የራሳቸውን ይከፍታሉ። ሮቦት ስሜት የለውማ። «አፈርኩባችሁ» ብሎ መጻፍ አይችልም። አርች የሚባለው ዲስትሮ ላይ ደግሞ ፓኬጁ አርጅቷል ብሎ የሚጠቁም አንድ ቁልፍ አለ። ባግ ማመልከቻ አይደለም፣ ለአዲስ ቨርዥን ብቻ ነው ይላሉ። እሳቸው ዋይፋይ ሲቆራረጥባቸውም ይጫኑታል። ቁልፍ የተፈጠረው ለመጫን አይደለም እንዴ?

ሥራው ምን ያህል ቀላል እንደሆነም ለሜይንቴይነሩ ያስረዱታል። «አንድ ቁጥር መቀየር እኮ ነው።» በእርግጥ ነው። ቁጥሩን ቀይር። ከዚያ ዲስትሮው በራሱ የጨመራቸው ማስተካከያዎች አዲሱ ኮድ ላይ ይገጥሙ እንደሆነ እይ። የፈቃዱ ጽሑፍ መቀየር አለመቀየሩን አንብብ። አዲስ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የጋራ ኮድ) ይፈልግ እንደሆነ አጣራ። ፓኬጁ ራሱ ላይብረሪ ከሆነ ደግሞ በእሱ የሚደገፉት ሁሉ እንደገና ይገነቡ ይሆናል። አንዳንዴ 3 ናቸው፣ አንዳንዴ በመቶ የሚቆጠሩ። አንዱ ይወድቃል። የወደቀው የሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እረፍት ላይ ነው። ይኸው ነው እንግዲህ፣ አንድ ቁጥር።

እኔን ልቤን የሚነካኝ ግን የዴቢያን ስቴብል (የተረጋጋው እትም) ጉዳይ ነው። አቶ አይሠራም ስቴብልን የመረጡት «እሱ አይበላሽም» ስለተባሉ ነው። የማይበላሸው ስለማይነካ ነው። እትሙ ከወጣ በኋላ ቨርዥኖቹ ባሉበት ይቆማሉ። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ጥገናው ብቻ ተቆርጦ አሮጌው ቨርዥን ላይ ይሰፋል። የቨርዥኑ ጭራ ላይ «ዴብ12ዩ1» የምትመስል ነገር ካያችሁ ያቺ ጥገና ናት። አቶ አይሠራም ግን ጭራ አያነቡም። ራሱን ብቻ አይተው «2 ዓመት ያረጀ ቀዳዳ ሶፍትዌር ታድሉናላችሁ» ይላሉ። የማይለወጥ ነገር መርጠው ለምን አይለወጥም ብሎ መቆጣት ድፍረት ይጠይቃል። እሳቸው አላቸው።

መልስ ከዘገየስ? የሰኞ ጠዋት ሥርዓታቸው አለ። «አዲስ ነገር አለ?» ይላሉ። ሌላው ከሥሩ «እኔም ጋ» ይላል። ሦስተኛው የመደመር ምልክትና 1 ቁጥር ብቻ ያስቀምጣል። እያንዳንዷ መልእክት ጉዳዩን ለሚከታተል ሰው ሁሉ በኢሜይል ትደርሳለች። 40 ሰው ስልኩን አወጣ፣ ጥገናው መጣ ብሎ ከፈተ፣ «እኔም ጋ» የሚል አነበበ። ሰው እንዲህ ካልተጠያየቀ ምኑን ማኅበረሰብ ሆነ?

ባህሉ የቆየ ነው፤ ከእሳቸው በፊትም ነበር። ኡቡንቱ የሚባለው ዲስትሮ ባግ ቁጥር 1 ምን ይላል መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2004 የኡቡንቱ መሥራች ማርክ ሻትልወርዝ ራሱ ነው የከፈተው። ማይክሮሶፍት የገበያውን አብዛኛውን ድርሻ ይዟል የሚል ነው። ባግ ነው፣ ይጠገን። የተዘጋው በ2013 ነው። 9 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ሻትልወርዝ ቀልዱን ያውቃል። አቶ አይሠራም ግን ገጹን ሲያዩ የምር ወሰዱት።

አሁን የውለታቸውን ታላቅነት ልንገራችሁ። ዓለም የተረዳው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ኤክስዜድ የሚባል ፋይል መጭመቂያ አለ። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሊኑክስ ካለው ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ላይ አለ። ለዓመታት ላሴ ኮሊን የሚባል ሰው በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ ሲንከባከበው ኖሯል። በ2022 ከየት መጣችሁ የማይባሉ ስሞች ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ለምን ዘገየ? ለምን አዲስ አይወጣም? ካልሆነልህ ለሌላ አስረክብ። ሰውየው የጤና ችግር እንዳለበት፣ ሥራውም ክፍያ የሌለው መሆኑን ነገራቸው። ጭቅጭቁ ግን ቀጠለ። አጠገቡ ደግሞ ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ ጨዋና ታታሪ ረዳት ነበር። ቀስ በቀስ ቁልፉ በእሱ እጅ ገባ።

በ2024 መጀመሪያ ላይ የኤክስዜድ ቨርዥን 5.6.0 ወጣ፤ ቀጥሎ 5.6.1። ሁለቱም ውስጥ የኋላ በር ተቀብሯል። በርቀት ሰርቨር የሚገቡበትን ኤስኤስኤች ለመክፈት የታሰበ ነው። ማርች 25 ደግሞ አንድ ስም ዴቢያን ላይ ጥያቄ አቀረበ፦ ኤክስዜድ አርጅቷል፣ ወደ 5.6.1 ይደግ። ሌሎች የማይታወቁ ስሞች እየገቡ አጀቡት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እዚህ ጋ ግን ቁርበቱ ቀድሞ ተነጥፎ ነው የቆየው። ማን አነጠፈው? አቶ አይሠራም ናቸዋ! ዓመቱን ሙሉ በየሰኞው ሲያነጥፉ ኖረዋል። ያ ጥያቄ ከእሳቸው ጥያቄዎች በምን ይለያል? በምንም። እንዲያውም ለስለስ ይላል። ቨርዥኑም ወደ አንስቴብል (ገና ወደሚሞከረው የዴቢያን ክፍል) ገባ።

ማርች 29 ነገሩ ተጋለጠ። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ገንቢ፣ ዴቢያን ሲድ (ያው አንስቴብል) ላይ ሲሠራ ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ከዚያ ለካ፣ ፈተሸ፣ ክሩን እየተከተለ እስከ ኤክስዜድ ወረደ። ያገኘውን ሁሉ ከነማስረጃው በቅደም ተከተል ጻፈ። ረጅም ነው። አቶ አይሠራም አንብበው አልጨረሱትም። እሳቸው ቢሆኑ «ኤስኤስኤች ቀርፋፋ ነው!!!» ብለው ክሪቲካል ላይ ጠቅ አድርገው በጊዜ ይተኙ ነበር። ያ ሁሉ ሲሆን አሮጌው ስቴብል 5.4.1 ይዞ ቁጭ ብሏል። ምንም አልነካውም። እሳቸው ስለ እሱም አቤቱታ ነበራቸው፤ እስካሁን አልዘጉትም።

ከዚያ ወዲህ ሜይንቴይነሮች ላይ አንድ አዲስ ፍርሃት ያለ ይመስለኛል። በትሕትና የተጻፈ፣ ቨርዥኑ የተሟላ፣ ማስተካከያው የተያያዘ፣ «ጊዜ ካለህ ብትመለከተው» የሚል ጥያቄ ሲመጣ እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ይቆማል። ይሄ ሰው ማነው? ምን ፈልጎ ነው? የስሙን ታሪክ ወደ ኋላ መቆፈር ይጀምራሉ። በመሃል ሌላ ኢሜይል ትገባለች።

«አይሠራም!!! ከትናንት ጀምሮ!!!»

ያኔ ሜይንቴይነሩ ትንፋሹን ያወጣል። ሰላይ እንዲህ አይጽፍም። ይሄ የኛው ሰው ነው።