ከተማችሁን ለልጆቻችሁ በቀትር አታሳዩአቸው

ወገኖቼ፣ የትልቅ ከተማ ነዋሪዎች፣ በተለይም ልጅ የምታሳድጉ፤ ዛሬ ቃሌ ትንሽ ይከብዳችሁ ይሆናል። አስቀድሜ ራሴን ገሥጫለሁና ለእናንተ የምራራበት ምክንያት አይታየኝም።

ለመሆኑ ከመካከላችን ማልዶ መነሳት የማይችል ማን አለ? ለአውሮፕላን ጉዞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የምንነሳው እኛው ነን። ዕቃ ሊራገፍ ነው ሲባል፣ ወረፋው ይረዝማል ሲባል፣ አለቃ ማልዳችሁ ኑ ሲል፣ ጎህ ሳይቀድ ጫማችንን አስረን በር ላይ እንገኛለን። እሑድ መጥቶ ልጅ «ዛሬ የት እንሄዳለን?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫችን ስበን «ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ» እንላለን። ቆይ ያልነው ነገር 4 ሰዓት ላይ ይነሳል። ቁርሱ፣ ልብሱ፣ የጠፋችው ካልሲ፣ ነዳጁ ተጨምሮበት 6 ሰዓት ሲሆን ከቤት እንወጣለን። በዚያ ሰዓት ከተማው ሁሉ ወጥቷል።

እኔ በዚህ ለዓመታት ሠልጥኛለሁ። አንድ እሑድ ሦስቱን ልጆቼን ይዤ ወደ አንድ የመዝናኛ ስፍራ ሄድኩ። መንገዱ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ የመኪና ማቆሚያ ፍለጋው ግማሽ ሰዓት፣ የመግቢያው ወረፋ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን። ትንሿ ወረፋው ላይ ትከሻዬ ላይ አንቀላፋች። ትልቁ ከወንድሙ ጋር ተጣላ፤ እኔ ደግሞ ከፊቴ ከቆመው ሰውዬ ጋር። ውስጥ ገብተን የቆየነው አርባ ደቂቃ ነው። ስንመለስ መኪናው ውስጥ የሚናገር አልነበረም። ማታ እናቴ ስትደውል ግን ደረቴን ነፍቼ «ልጆቹን አናፍሼ መጣሁ» አልኳት።

እንዲህ እያደረግን ነው «ከተማ ለልጅ አይሆንም» የምንለው። ከተማዋን በንዴቷ ሰዓት ብቻ እየወሰድን እናሳያቸውና ጠባይዋ ክፉ ነው ብለን እንመሰክርባታለን። ማልደን አንኳኩተንባት እናውቃለን?

አንድ ጊዜ አንኳኩቻለሁ። በስንፍናዬ ላይ የተነሳሁት በጽድቅ ተገፋፍቼ አይደለም፤ ትንሿ በሳል ስታስነሳኝ አድራ እንቅልፌ ጠፍቶ ነበር። ልጆቹን ቀሰቀስኩና 12 ሰዓት ላይ በእግራችን ወጣን። ሁለተኛው ልጄ ከቤታችን ብዙም በማይርቀው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመ። ቀይ በራ፣ አረንጓዴ በራ፣ ቢጫ በራ፤ አንድም መኪና የለም። «አባዬ፣ ለማን ነው የሚበራው?» አለኝ። መልስ ስላልነበረኝ አብሬው ቆምኩ። መብራቱ አራት ዙር ሲዞር ጣቱን እያጠፈ ቆጠረና ለእግረኛ የሚበራው አረንጓዴ ለመኪና ከሚበራው በጣም እንደሚያጥር ነገረኝ። ያንን መንገድ ሃያ ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም።

ንጋት ላይ ልጅ የሚማረው ሌላም ነገር አለ፤ ይኸኛው ለእኛ ብዙም አይመችም። የከተማ ልጅ መንገድ በራሱ የሚጸዳ ይመስለዋል። ዳቦ ከሱቅ ይበቅላል፤ አውቶቡስም ከየትም ይመጣል። ጨለማው ለቆ ሳይጨርስ አፏን በጨርቅ ሸፍና፣ ረጅም መጥረጊያ ይዛ፣ የትናንቱን ላስቲክና የሲጋራ ቁራጭ የምትሰበስበውን ሴት ሲያይ ግን «ማን ጣለው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን አትሽሹ፤ እኔና መሰሎቼ ነን በሉት። ከሌሊት ተረኝነት ዓይኗ ቀልቶ የምትመለሰውን ነርስ፣ ወንበሩን ለሌላ አስረክቦ ወደ ቤቱ የሚያዘግመውን ዘበኛ፣ ዱቄት የነካው ልብስ ለብሶ በር ላይ ቆሞ የሚናፈሰውን ጋጋሪ አሳዩት። አደራ፣ ሰላምታ ስጧቸው። ጠራጊዋ ከማለፏ የሙዝ ልጣጭ ከኋላዋ የጣሉ ቤተሰቦችንም አይቻለሁ። እናንተስ ተኝታችሁ ብታረፍዱ ይሻል ነበር።

ድምፁስ! በቀን ከተማ ውስጥ ወፍ ያለ አይመስለንም፤ አሉ፣ የምንሰማበትን ጆሮ ነው የነጠቅነው። በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ተደርጎ በ2007 የታተመ ጥናት ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቀን ቀን ጫጫታ በሚበዛባቸው ሠፈሮች የሚኖሩ ደረተ ቀይ ወፎች በሌሊት መዘመር ማብዛታቸውን አሳይቷል። ከሃያ ግራም ብዙም የማትበልጥ ወፍ በማን ሰዓት ማን እንደሚሰማት አስልታ ሰዓቷን ስትቀይር፣ እኛ ኪሳችንን የሞላ ሰዓትና ማንቂያ ይዘን አቃተን።

ስለ ብርሃንም አንድ ነገር ልበል። ደህና የሚባል የቤት ውስጥ ብርሃን ሉክስ በተባለው መለኪያ ሦስት መቶ፣ ቢበዛ አምስት መቶ ቢሆን ነው። ውጪ ግን ፀሐይ ጥቂት ከፍ ካለች ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ እንኳ ብዙ ሺህ ይደርሳል። ሰውነታችን ቀንና ሌሊቱን የሚያውቅበት የራሱ ሰዓት አለው፤ የ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሦስት አሜሪካውያን የተሰጠው የዚህን ሰዓት አሠራር በመግለጣቸው ነው። ይህን ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚያስተካክለው የጠዋት ብርሃን ነው። ለዓይንም ይጠቅማል። በቻይናዋ ጓንግዡ በ12 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሦስት ዓመት የወሰደ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ውጪ ከዋሉት ልጆች 30.4 ከመቶው ሩቅ ያለውን ማየት ሲያቅታቸው፣ እንደ ወትሮው ከቀጠሉት ግን 39.5 ከመቶው ለዚሁ ችግር ተዳርገዋል። ውጤቱ የታተመው በ2015 ነው። ሙከራው ስለ ቀን ብርሃን እንጂ ስለ ንጋት ብቻ አልነበረም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሳሎን እየተሸጋገረ ሳምንቱ የሚያልቅ ከሆነ፣ ያንን አርባ ደቂቃ ከየት አመጣለታለሁ ትላላችሁ?

«ጊዜ የለንም» እንዳትሉኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ጊዜው ያለቀው ማታ ነው። ቅዳሜ ምሽት ቴሌቪዥኑ ፊት ልጆቹን እስከ 5 ሰዓት አስቀምጠን፣ እሑድ ንጋት ላይ እየጎተትን ብናስነሳቸው ጭካኔ እንጂ ሽርሽር አይሆንም። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲነሳ የፈለጋችሁት ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቢተኛ አሥር ሰዓት አገኘ ማለት ነው። ይኼንን ሒሳብ ለመሥራት የማይፈልግ ሰው ልጁን አይቀስቅስ። የጠዋቱ ጉዞ በዋዜማው ራት ላይ ነው የሚጀምረው።

አባቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ለእናንተ ለብቻ የምለው አለኝ። በብዙ ቤት «እንውጣ» የሚለው አባት ነው፤ የሚያወጣው ግን ሌላ ሰው ነው። እናት 10 ሰዓት ላይ ተነስታ ታበስላለች፣ ታለብሳለች፣ ውሃ ትሞላለች፣ መድኃኒት ትይዛለች። እሱ ተላጭቶ ይወጣና መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጥሩምባ ይነፋል። ሽርሽሩ ለእሷ ከሥራ ቀን የበለጠ ሥራ ነው። ውሃ፣ ዳቦና ጥቂት ፍራፍሬ ማታውኑ በቦርሳ አስገቡ፤ ያስገባችሁትም እናንተ ሁኑ። እሷ መተኛት ከፈለገች ትተኛ። ልጆቹን ለሁለት ሰዓት ከቤት ማውጣታችሁ ለእሷ ትልቁ ሽርሽር ሊሆንላት ይችላል።

ጥሩምባውን ካነሳን ደግሞ፣ የእናንተ ደስታ የጎረቤት መከራ አይሁን። ከግድግዳው ማዶ ሌሊት ሠርቶ የተኛ ሰው አለ፣ የታመመ አለ፣ አራስ አለች። ደረጃ ላይ ልጆች አይጩሁ፤ የመኪና በር በእርጋታ ይዘጋ። መናፈሻ ውስጥም ድምፅ ማጉያ ይዞ መግባት ምን የሚሉት ነገር ነው? የሠፈሩን እንቅልፍ ነጥቆ የወፎቹን ዝማሬ የሚሸፍን ሰው ማልዶ መጥቶ ምን ሊሰማ እንደነበር አይገባኝም።

የማለዳ አየር ሁልጊዜ ንጹሕ ነው የሚለውንም ወሬ ተዉት። በተራራ በተከበቡና በሸለቆ ውስጥ ባሉ ከተሞች፣ ነፋስ በሌለበት ብርዳማ ንጋት፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይገጥመዋል፤ የሌሊቱ ጭስ መውጫ ያጣል። ጉም የሚመስል ግራጫ ነገር ዝቅ ብሎ ካያችሁና ጭስ ጭስ ከሸተታችሁ፣ ፀሐይዋ መሬቱን አሙቃ እስክትበትነው ጠብቁ። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይህ ምክር ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። መንገዱም ቢሆን ባዶ ስለሆነ ብቻ አትመኑት፤ ባዶ መንገድ ሹፌርን ያስከንፋል፣ ዓይኑም ገና ከእንቅልፍ አልነቃም። ደማቅ ልብስ አልብሷቸው፣ እጃቸውን ያዙ።

ወደ መናፈሻው ደረስን እንበል። የእኛው ሠፈር መናፈሻ በሩ የሚከፈተው 3 ሰዓት ላይ ነው። ጤዛው ደርቆ፣ ወፎቹ ዝም ብለው፣ መኪናው ከሞላ በኋላ። ያን ዕለት ልጆቼ የብረት አጥሩን ይዘው ወደ ውስጥ እያዩ ቆሙ። እኔም እንደ ልማዴ «ምን ይደረግ፣ አሠራሩ ነው» ብዬ መለስኳቸው። ይህች «ምን ይደረግ» የምንላት ነገር ናት ከሁሉ ይልቅ የምታሳፍረኝ።

የኮሎምቢያ ዋና ከተማ የቦጎታ ነዋሪዎች እንዲህ አላሉም። ታኅሣሥ 1974 ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የከተማው ሰዎች ብስክሌት ይዘው ወጡና መንገድ የመኪና ብቻ መሆኑን ተቃወሙ። የጀመሩት ሹማምንት ሳይሆኑ እነዚያው ብስክሌተኞች ነበሩ። ዛሬ በዚያች ከተማ እሑድና በዓል በመጣ ቁጥር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለመኪና ይዘጋል። አያት፣ ሕፃን በጋሪ፣ ውሻ፣ ሁሉም በአስፋልቱ መካከል ይሄዳል። በጃፓን ደግሞ በራዲዮ የሚተላለፍ የሰውነት ማንቀሳቀሻ በ1928 ተጀምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ አልፏል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሙዚቃው ይሰማል። ትምህርት በሚዘጋበት በጋ ልጆች መናፈሻ ይሰበሰቡና በአንገታቸው ባንጠለጠሉት ካርድ ላይ ለየቀኑ ማህተም ይመታላቸዋል።

ታዲያ ማህተሙን ብቻ ወስዳችሁ እንዳትመጡ። እኛ ደስታን ወደ ሥራ መለወጥ ይቀናናል። አንድ የማውቀው አባት ፊሽካ ገዝቶ ልጆቹን በሰልፍ ያስሮጥ ጀመር፤ በሦስተኛው ሳምንት የሦስቱም ሆድ በየተራ ታመመ። ልጅ ጉንዳን ለማየት አሥር ደቂቃ ከተቀመጠ ያንን ቀን የሄዳችሁት እስከ ጉንዳኑ ድረስ ነው። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት፤ ፀሐይዋ ነገም ትወጣለች።

እኔ መናፈሻው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲከፈት የሚጠይቅ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። አንድ ገጽ ነው። እስካሁን አራት ፊርማ አለው፤ ሁለቱ የባለቤቴና የእኔ ናቸው፣ ሦስተኛው ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ዙሪያ የሚሮጡ አዛውንት ነው፣ አራተኛው የሁለተኛው ልጄ ነው፤ ዕድሜው አይፈቅድም ብለው ይሰርዙት ይሆናል። ከዚያ በታች ያለው ቦታ ባዶ ነው። እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ እቆያለሁ፤ እስክሪብቶ አለኝ።