የፊሊፒን ነርሶችና የእኛ ወረቀት

ካናዳ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሠራ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፦ አዛውንቶቹን ከአልጋ የምታነሳው፣ የምታጥበውና የምታጎርሰው ሴት አገሯ ላይ ነርስ ነበረች። ብዙ ጊዜ ፊሊፒናዊት ናት፤ አንዳንዴ የእኛው ልጅ ናት።

ቶሮንቶ እኔ በምሠራበት ቤት አብራኝ ሌሊት የምትገባ አንዲት ፊሊፒናዊት አለች። ማኒላ ሳለች ለዓመታት የሠራችው በልብ ሕሙማን ክፍል ነው። አንድ ሌሊት አንድ አባት ትራስ ካልተደራረበላቸው መተኛት አቃታቸው። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችና ስርጉዱ እስኪሞላ ጠበቀች። ሳንባቸው ውኃ እየቋጠረ እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል። ግን ያየችውን እንደ ነርስ መርምራ መመዝገብ፣ ለሐኪሙም ራሷ መደወል አይፈቀድላትም። ከእሷ በዕድሜ በጣም የምታንሰውን ተረኛ ነርስ ፈልጋ «እባክሽ ሳንባቸውን አዳምጪልኝ» አለቻት። ሰውዬው በዚያው ሌሊት በአምቡላንስ ተወሰዱ። እሷ አንሶላ መቀየሯን ቀጠለች። ይህን ያህል እውቀት ታቅፎ እንዲህ መዋል ያንገበግባል።

ነገሩ የቆየ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2014 (ዘመኑ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) አሠሪ ቤት እየኖሩ የሚሠሩ ተንከባካቢዎችን የምታስገባበት ፕሮግራም ነበራት። ከገቡት አብዛኞቹ ፊሊፒናውያን ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ብዙ ነርሶች ነበሩ። 24 ወር የሠራች ሴት ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ታመለክታለች። ችግሩ ነርሶችን የሚመዘግቡት መሥሪያ ቤቶች በቅርብ ዓመታት በነርስነት መሥራትሽን አረጋግጪ ማለታቸው ነው። ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ ኦንታሪዮ፣ ለረጅም ጊዜ የጠየቀችው ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ የተሠራውን ነው። የሌላ ሰው ልጅ ስታሳድግ የቆየች ነርስ የመኖሪያ ወረቀቷን ይዛ፣ የራሷን ልጆች አስመጥታ፣ ለእንግሊዝኛ ፈተናና ለማመልከቻ የሚከፈለውን እስክትቆጥብ ድረስ ያ ጊዜ ያልፍባታል። ለመኖር የሠራችው ሥራ ራሱ ከሙያዋ ያርቃታል። ከዚያ በኋላ ነው «ብሪጂንግ ግቢ»፣ ማለትም ውጭ ለተማሩ ነርሶች የሚሰጠውን ማሟያ ትምህርት ተማሪ፣ የምትባለው።

ብሪጂንጉን ራሱን አልንቀውም። ፊሊፒንስ ውስጥ፣ በተለይ በመንግሥት ሆስፒታሎች፣ በሽተኛ ያለ ዘመድ አይተኛም። የሚያጥበውም የሚያበላውም፣ መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ የሚመጣውም አብሮት የሚያድረው ዘመዱ ነው፤ ልክ እንደ እኛ አገር አስታማሚ። እዚህ ይህ ሁሉ የነርሷና የረዳቶቿ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ሐኪሙ እስኪያዝ አትጠብቅም፤ ራሷ መርምራ፣ ራሷ ወስና፣ ትእዛዙ ካልመሰላት ሐኪሙን «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ይጠበቅባታል። በአክብሮት ዝም ብላ ላደገች ልጅ ይህን መልመድ ከመድኃኒት ስሌቱ ይከብዳል። ለእኛም ልጆች እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከሕመምተኛ አልጋ ለዓመታት ለራቀች ነርስ ትምህርቱ ይጠቅማታል። የምቃወመው ከትናንት ወዲያ ዋርድ ውስጥ የነበረችውንም ሆነ አሥር ዓመት የራቀችውን በአንድ ወረፋ ማቆሙን ነው።

ሌሎቹ አገሮች መንገዱን ለውጠዋል። ብሪታንያ በ2014 የቀድሞውን የውጭ ነርሶች ኮርስ ትታ በኮምፒውተርና በተግባር ፈተና ተክታዋለች። አውስትራሊያም በ2020 እንዲሁ አደረገች። የምታውቅ ነርስ ቆማ እንድታሳይ ዕድል መስጠት ትክክል ነው እላለሁ። በዲሴምበር 8 ቀን 2020 በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ ከሙከራ ውጭ የመጀመሪያውን የፋይዘር የኮቪድ ክትባት የወጋችው ሜይ ፓርሰንስ ፊሊፒን ተወልዳ እዚያው ነርስ ሆና ወደ ብሪታንያ የሄደች ናት።

ከፊሊፒኖቹ የምቀናው ግን በዝግጅታቸው ነው። መንግሥታቸው ከ1974 ጀምሮ ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክን ፖሊሲ አድርጎ ይዞታል፤ ከ2021 ወዲህ ለብቻው ሚኒስቴር አቋቁሞለታል። አሜሪካና ካናዳ የሚጠይቁት የነርሶች ፈተና፣ ኤንክሌክስ፣ ከ2007 ጀምሮ ማኒላ ውስጥ ይሰጣል። ዋጋም ከፍለውበታል። የራሳቸው ሆስፒታሎች ሰው አጥተው በ2020 መንግሥት ነርሶች እንዳይወጡ አግዶ ነበር፤ በኋላም በዓመት 5,000 ብቻ ብሎ ፈቀደ። የካናዳዋ ክፍለ ሀገር የማኒቶባ ልዑክ በ2023 ነርስ ፍለጋ ፊሊፒን ድረስ ሲሄድ ዋና ከተማዋ ዊኒፔግ ውስጥ ፈቃድ ያላገኙ ፊሊፒናውያን ነርሶች በረዳትነት ይሠሩ ነበር። መጀመሪያ የነበሩትን ማስመዝገብ ይገባ ነበር።

የእኛ ልጆች አብዛኞቹ የሚመጡት በነርስነት አይደለም፤ በጋብቻ፣ በስደት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን የሚያስቡት እዚህ ከደረሱ በኋላ ነው። የካናዳ ገምጋሚ ተቋም ትራንስክሪፕቱን ከእጅሽ አይቀበልም፤ ትምህርት ቤቱ በቀጥታ መላክ አለበት። ያኔ ኮስት ሼሪንግ አልተከፈለም ይባላል፣ ወይም ሬጅስትራሩ በአካል ቅረቢ ይላል፣ ወይም ኮሌጁ ስሙን ቀይሯል። እዚሁ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ቡና ስንጠጣ የማውቃት አንዲት ልጅ እህቷን ከሥራ እያስፈቀደች ሬጅስትራር ደጃፍ ታመላልሳለች። የማመልከቻ ፋይሏ ተከፍቶ እየጠበቀ ነው፤ እሱም የጊዜ ገደብ አለው።

ለመውጣት ያሰበች ነርስ ካለች ኮስት ሼሪንጓን ከመነሳቷ በፊት ትክፈል፤ የየኮርሱን ዝርዝርና በየክፍሉ የሠራችበትን የተግባር ሰዓት ማኅተም አስደርጋ ትያዝ፤ ከሠራችበት ሆስፒታልም ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ክፍል የሚል ደብዳቤ ታጽፍ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ጤና ሚኒስቴርም ለውጭ ገምጋሚ ተቋም የሚላክን ወረቀት በኢሜይል የሚያስተናግድ አንድ ሰው ይመድቡ።