ውሃውን የጠጣሁት እኔ፣ ምሥጢሩ የእነሱ

የድሬ ልጆች፣ ዛሬ ነገሬ ረዘም ይላል። ቡና የያዘ ይቀመጥ፤ ያልያዘ አፍልቶ ይምጣ፣ ውሃ ካለው።

ባለፈው ወር የውሃ ሂሳቤ 74 ሜትር ኩብ ተብሎ መጣ። ሰባ አራት! አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው፤ በእኛ መለኪያ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሃምሳ። ስለዚህ ግቢያችን በአንድ ወር 3700 ጀሪካን ውሃ ጨርሷል ማለት ነው። ከነተከራዮቹ ስምንት ነፍስ ነን። ውሃ የምናገኘው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት 74 ሜትር ኩብ ለመጨረስ ባለ 2000 ሊትሩን ሮቶ በቀን አራት ጊዜ ሞልተን አራት ጊዜ መድፋት ነበረብን። የምኖረው ደግሞ ሳቢያን ነው፤ የከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች ባሉበት ሰፈር። ከእግሬ ሥር የሚቀዳ ውሃ እኔ ዘንድ በፈረቃ የሚደርስበትን ምክንያት ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ፤ ዛሬ ብሶቴ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሚያፈስ ቧንቧ ነው። ውሃ በመጣበት ቀን ቧንቧውን ሁሉ ዘግቼ፣ ቆጣሪው ፊት ቁጢጥ ብዬ፣ መስታወቱ ሥር ባለችው ትንሽ ተሽከርካሪ ላይ ግማሽ ሰዓት አፈጠጥኩ። ንቅንቅ አላለችም። ቀጥዬ አየሩን ጠረጠርኩ። ፈረቃው ሲገባ ቧንቧው ከውሃው በፊት አየር እንደሚተፋ፣ አየሩም ቆጣሪ እንደሚያሽከረክር ታውቃላችሁ። ግን የቱንም ያህል ቢነፍስ 74 አያደርስም። በመጨረሻ ቁጥሩን ራሱን አነበብኩ። (ለማያውቅ፦ ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኩብ ናቸው፤ ቀያዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ሊትር ነው የሚያሳዩት፣ አትደንግጡባቸው።) ቆጣሪው 1312 ይላል። ደረሰኙም 1312 ይላል። አንድ ናቸው!

ግራ ገባኝና የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቀምኳቸውን የድሮ ደረሰኞች ዘረገፍኳቸው። ነገሩ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚህ በፊት የነበሩት ስድስት ወራት ፍጆታ 4፣ 4፣ 4፣ 4፣ 4፣ 4። በጾሙ 4፣ በፋሲካው 4፣ እህቴ ከነልጆቿ መጥታ አንድ ወር በሰነበተችበትም 4። ስድስት ወር ሙሉ ማንም ሰው ቆጣሪያችንን አላየውም። ቢሮ ተቀምጠው በግምት ሞሉት፤ በሰባተኛው ወር አንድ እግዜር ያሰበው ቆጣሪ አንባቢ እውነተኛውን ቁጥር ይዞ ሲመጣ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ወር ላይ ወደቀ። ስድስት ጊዜ 4፣ 24፤ ከ74 ጋር 98፤ ለሰባት ሲካፈል በወር 14። ለስምንት ሰው 14 ልክ ነው፤ ጠጥተነዋል፣ ታጥበንበታል፣ አልክድም። እውነቱን ለመናገር 4 ሲመጣልኝም ስላነሰልኝ ዝም ብያለሁ። ኃጢአቴ ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ትከራከራለህ ትሉኝ ይሆናል። የውሃ ታሪፍ ደረጃ አለው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትር ኩቦች ርካሽ ናቸው፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ይጨምራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በጀሪካን የሚኖር ድሃ መኪና በጎማ ከሚያጥብ ሰው ጋር እኩል እንዳይከፍል ነው። እኛ ግን ሰባት ወር ዝቅ ባለ ደረጃ የጠጣነውን ውሃ በአንድ ወር ከምረው ጣሪያው ላይ ሰቀሉብን። ያው 98 ሜትር ኩብ በሰባት ወር ተከፋፍሎ ቢመጣ ውሃው አንድ ነው፤ ብሩ ግን አንድ አይደለም።

ይህን ለማስረዳት የሚያስፈልገኝ አንዲት ወረቀት ናት፤ የአሥራ ሁለት ወር የንባብ መዝገብ። በየትኛው ቀን ተነበበ፣ ስንት ተባለ፣ የታየ ነው ወይስ የተገመተ። ይኸው ነው። ቅናሽ አልለመንኩም፣ ይቅርታም አልጠየቅኩም።

ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሲስተም የለም ተባልኩ። በሁለተኛው የሚመለከታቸው ሰው ፊልድ ወጥተዋል። በሦስተኛው ስብሰባ። ይህን ማንም ባለጉዳይ ስለሚያውቀው አላሰለቻችሁም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ግን ሦስቱንም ቀን ቆሜ ስላነበብኩ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ አገልግሎቱ ሁሉ በደቂቃ ተቆርጦለታል። የእኔ ጥያቄ ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

በአራተኛው ቀን ሲስተሙ ነበረ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ የውል ቁጥሬን አስገባች፣ ኮምፒውተሩን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ ቆጣሪው አይዋሽም እኮ።»

«ዋሸ አላልኩም፣ ልጄ። መቼ መቼ እንደተነበበ ንገሪኝ ነው የምልሽ።»

«እዚህ ይታየኛል።»

«እንግዲያው አትሚልኝ።»

«ለደንበኛ አይታተምም። የውስጥ መረጃ ነው።»

የውስጥ መረጃ! የጠጣሁት ውሃ፣ የከፈልኩት ብር፣ ግቢዬ ውስጥ የተተከለ ቆጣሪ፣ እና ከእኔ የሚደበቅ ምሥጢር። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ የተባለችውን ነው የምትለው። ከጀርባዋ ያሉት ግን ሌላውን ሁሉ አቀረቡልኝ። ቆጣሪው ይነቀልና ይፈተሽ፣ የፍተሻውን ትከፍላለህ፤ ሂሳቡ ይከፋፈልልህ፣ በየወሩ ትከፍላለህ። ሁሉንም ሊሰጡኝ ፈቃደኞች ናቸው፣ ከወረቀቷ በቀር። ቀኑ ካለፈ መስመሩ ይቆረጣል ስለተባልኩ «ከፍለህ ተከራከር» በሚለው ሕግ መሠረት ከፈልኩ። እናቴም «ከከፈልክ ምን ቀረህ ልጄ፣ ተወው እንጂ» አለችኝ።

አልተውኩትም። ደብዳቤ ጻፍኩ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ጠቅሼ፣ ደረሰኞቹን አባሪ አድርጌ፣ በአምስተኛው ቀን ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ወደ ሕዝብ ግንኙነት መራኝ። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው ቀና አሉና፦

«ጋዜጠኛ ነዎት?»

«ደንበኛ ነኝ።»

«ይህ አዋጅ እኮ የጋዜጠኞች ነው።»

«ማንኛውም ሰው ነው የሚለው።»

«እሱማ ይላል» አሉና ደብዳቤውን ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ አኖሩት። ግልባጩ ላይ ገቢ የሚል ማኅተም ካልተመታልኝ አልወጣም ብዬ ተቀመጥኩ። ተመታልኝ። ያን ቀን ያገኘሁት ብቸኛ ድል ያ ክብ ሰማያዊ ማኅተም ነው፤ በባጃጅ ስመለስ ላብ እንዳይነካው ከሸሚዜ ኪስ አውጥቼ በእጄ ይዤው ነበር።

ይህች ከተማ እኮ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ደርሶ የቆረቆራት፣ በሰዓትና በቲኬት ያደገች ከተማ ናት። ባቡር ስንት ሰዓት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምሥጢር ጠያቂ ተብሎ ይባረር ነበር?

ዛሬ ደብዳቤውን ካስገባሁ 23ኛ ቀን ነው፤ መልስ የለም። ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን እሱ አይደለም። ዛሬ ጠዋት አዲሱ ሂሳብ መጣ። ያለፈው ንባብ 1312፣ የአሁኑ ንባብ 1316፣ ፍጆታ 4 ሜትር ኩብ።

በነጠላ ጫማ ወጥቼ የቆጣሪውን ክዳን ገለጥኩ። 1326 ይላል። ፎቶ አነሳሁት።