ማደያ የተሠራበት መቃብር

ስለ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ጥቁሮች ታሪክ የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ከባርነት አምልጠው ወደ ከተማዋ የመጡትን ሰዎች መቃብር በአንድ መስመር ማለፋችሁ ግን ቅር አሰኝቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1864፣ በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ግዛቶች የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የተከፈተ ነው። ከ1,700 በላይ ሰው አርፎበታል፤ ብዙዎቹ ሕፃናት። በ1955 ነዳጅ ማደያ ተሠራበት! አጥንት እያለ እንዴት አስቻላቸው?

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የወታደሮቹ ጉዳይ ነው። ለሰሜኑ ጦር ተሰልፈው ሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱ ጥቁሮች የሚቀበሩት እዚያ እንጂ ከነጭ ጓዶቻቸው ጋር በወታደሮች መቃብር አልነበረም። በታኅሣሥ 1864 ለጥቁሮች በተከፈተው የከተማዋ ሉቨርቸር ሆስፒታል የተኙ 443 ወታደሮች ፊርማ አሰባስበው «እኛም የአሜሪካ ወታደሮች ነን፣ ከጓዶቻችን ጋር እንቀበር» አሉ። አስቡት፣ ቁስለኛና በሽተኛ ሆነው ነው። ጥያቄያቸው ተሰማ፤ ቀደም ብለው የተቀበሩት ጥቁር ወታደሮች አስከሬኖችም በጥር 1865 ተነሥተው ወደ ወታደሮች መቃብር ተዛወሩ።

የሟቾቹ ስም የተረፈው በአንድ የቀብር መዝገብ ነው። ከተማው ማደያውን አፍርሶ በ2014 መታሰቢያውን መርቋል። በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ የምትመላለሱ አበሾች፣ ቦታው ከመንገዳችሁ ዳር ነው፤ ጎራ በሉ።

ጸሐፊው ሌላ ጊዜ ስለ 1939ኙ የአሌክሳንድሪያ ቤተ መጻሕፍት ተቃውሞ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል። ጠበቃው ሳሙኤል ታከር ያደራጃቸው አምስት ወጣቶች ለነጮች ብቻ በተፈቀደው ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለው በማንበባቸው ነው የታሰሩት።