ፕሬዚዳንቶቹ ገና አንደኛ ዓመት ናቸው

ዛሬ ማመስገን አምሮኛል። ተመስጋኙ ግቡን ለዓለም ያሳወቀው የቢዝነስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነው።

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ሳምንቱ ነው። የላይብረሪውን በር ገና አያውቀውም። ፕሮፋይሉ ላይ ግን «መሪ፣ ሥራ ፈጣሪ፣ ባለ ራዕይ» ብሎ ጽፏል። እኛ በእሱ ዕድሜ ተማሪ ብቻ ነበርን። እንዴት ያለ ዕድሜ አባክነናል!

ከሥሩ ግቦቹ ተደርድረዋል። «በዚህ ዓመት ራሴን በአካዳሚክም በሊደርሺፕም አሳድጋለሁ» ይላል የመጀመሪያው። የዚህን ዓረፍተ ነገር ጥበብ ልብ በሉልኝ። ማንም አይረታውም። ፈተናውን ካለፈ አድጓል። ከወደቀም «ከውድቀቴ ተምሬያለሁ» ይላል፤ ያም ዕድገት ነው። ኪሳራ የማይነካው ቢዝነስ ማለት ይሄ ነው።

አካዳሚኩ ታዲያ በአንድ መስመር ያልቃል። «ጥሩ ውጤት ማምጣት»፣ በቃ። ሁለት ገጽ የሚፈጀው ሊደርሺፑ ነው። ማነሳሳት አለ፣ ተጽዕኖ መፍጠር አለ፣ ትውልድ መቅረጽ አለ። የሚቀረጸው ትውልድ ጎኑ የተቀመጡት የክፍል ጓደኞቹ መሆናቸውን ግን እስካሁን አልነገራቸውም። ጨዋ ልጅ ነው፣ እንዳይደነግጡ ብሎ ነው።

አካውንቲንግ ላይ ያለውን ነፃነትም ሳላደንቅ አላልፍም። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎቹን የሒሳብ አያያዝ አስፍሮታል። ዴቢትና ክሬዲት፣ ማለትም የሒሳቡ ግራና ቀኝ፣ እኩል ይምጡ የሚለው ነገር ያኔም ነበረ። ከ500 ዓመት በላይ ማለት ነው። የኛ መሪ በእንዲህ ያለ ያረጀ ነገር አይታሰርም። የሱ ትራያል ባላንስ፣ የሁለቱ ድምር እኩል መምጣቱ የሚታይበት ሠንጠረዥ፣ በግራ አንድ ቁጥር፣ በቀኝ ሌላ ቁጥር ያሳያል። ሲጠየቅ «ዝርዝሩን ለአካውንታንቶቼ እተወዋለሁ» ይላል። እነዚያ አካውንታንቶች የት ተምረው እንደሚመጡለት አልነገረንም።

«ግቤ ደግሞ ስማርት ነው» ይላችኋል። ነው እንጂ! ከአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደል የተሠራውን፣ ስማርት የሚባለውን የግብ መመዘኛ ጆርጅ ዶራን የተባለ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ለድርጅት ሥራ አስኪያጆች ጽፎላቸው ነበር። ግባችሁ የተወሰነ ይሁን፣ የሚለካ ይሁን፣ ማን እንደሚሠራው ይታወቅ፣ የሚቻል ይሁን፣ ጊዜው ይቆረጥ አላቸው። ዛሬ በየስላይዱ በሚዞረው ቅጂ ላይ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ተለውጦ «ሊደረስበት የሚችል» ሆኗል። «ማን ይሠራዋል?» የምትለዋ ነገር ሹልክ ብላ ወጣች። እንኳንም ወጣች። ከአምስቱ ሰው የምታስቀይመው እሷ ነበረች።

መውጣቷ የሚያምረው ግሩፕ አሳይመንት ላይ ነው። መሪያችን መጀመሪያ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታል። ስም ያወጣለታል፤ ስሙ ውስጥ «ኢንተርናሽናል» የሚል ቃል አይጠፋም። ሎጎ ይሠራል። ከዚያ ሥራ ያከፋፍላል። ለአንዷ የገበያ ጥናቱን፣ ለአንዱ የወጪ ስሌቱን፣ ለሌላው ጽሑፉን። ለራሱ ማስተባበሩን ያስቀራል። ሸክሙ የከበደውን መርጦ መውሰዱ ነው።

ከዚያ ዝም ይላል። መሪ በሥራ አይገባም። ማስረከቢያው ሊደርስ አንድ ሌሊት ሲቀር ብቅ ብሎ «ጎበዝ፣ የት ደረስን?» ይላል። «ደረስን» ማለቱን አስተውሉ፣ «ደረሳችሁ» አላለም። ትሕትና ነው። በየግሩፑ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አትጠፋም። የገበያ ጥናቱን ጨርሳለች። የወጪ ስሌቱን የወሰደው ልጅ ስለጠፋ እሱንም ሠርታለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፋይሉን ትልካለች። መሪያችን የአውራ ጣት ምልክት ይልክላታል። ሲነጋ ሽፋኑን ይከፍትና ስሙን አንደኛ ያደርጋል። ለነገሩ ሽፋኑን መክፈቱም ቀላል ነገር አይደለም፣ ብዙዎቹ እሱንም አይከፍቱም።

ፕረዘንቴሽኑ ላይ የሚናገረው እሱ ነው። አስተማሪው ስለ ስሌቱ ሲጠይቅ «እሱን ባልደረባዬ ታብራራለች» ብሎ ዘወር ይላል። ማታ ላይ «የመራሁት ፕሮጀክት በስኬት ተጠናቀቀ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ ከፎቶ ጋር። ልጅቷ ፎቶው ውስጥ የለችም። ማን ሊያነሳቸው ኖሯል?

ግብን ጽፎ ማሳወቅ ሳይንሳዊ መሠረት እንዳለው ደግሞ በየአነቃቂ ንግግሩ ተነግሮናል። እ.ኤ.አ. በ1953 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት ውስጥ ግባቸውን በጽሑፍ የያዙት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ ይባላል። ከ20 ዓመት በኋላ የነሱ ሀብት ከቀሩት 97 በመቶ ሀብት ድምር በለጠ ይባላል። ግሩም ጥናት ነው። ያለበት ጉድለት አንድ ነው፣ አልተካሄደም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ቢፈልገው አላገኘውም።

የተካሄደውን ጥናት ደግሞ ማንም መድረክ ላይ አያነሳውም። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነው። ጥሩ የሕግ ባለሙያ ለመሆን የቆረጡ የሕግ ተማሪዎችን ፈተኑ። ሐሳባቸውን ሌላ ሰው ያወቀላቸው ተማሪዎች፣ ካልታወቀላቸው ይልቅ ትንሽ ጊዜ ሠርተው ተነሱ። ሰው ሲያውቅላቸው ግማሽ መንገድ የሄዱ መሰላቸው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ነው፣ በላብራቶሪ የተረጋገጠ። መሪያችን ይህን ቢሰማ የሚቆጨው አይመስለኝም። ግማሽ መንገድ ያለ ድካም መሄድ ምን ነውር አለው?

ብቻውንም አልደረሰም፣ ሌሎቻችንም መመስገን አለብን። «ኮራንብህ!» ብለን ከሥር የጻፍን እኛ ነን። በመጀመሪያው ሳምንት «ምን ዓይነት መሪ መሆን ትፈልጋለህ?» የሚል ጽሑፍ አዝዞ ሙሉ ማርክ የሚሰጥ አስተማሪም አለ። ወለድ ማስላት ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ቢጠይቀው ማርክ መቀነስ ሊመጣ ነው። ወርክሾፕ አዘጋጆቹም በሦስት ሰዓት ስብሰባ «የተረጋገጠ መሪ» የሚል ሰርተፍኬት ያድላሉ። ሦስት ሰዓቱ የሻይ ዕረፍትን ይጨምራል።

ክለቡም ተቋቁሟል። የወጣት ቢዝነስ መሪዎች ክለብ። ፕሬዚዳንት አለው፣ ተባባሪ ፕሬዚዳንት አለው፣ ሦስት ምክትሎች፣ የስትራቴጂ ኃላፊ፣ የብራንድ ኃላፊና የክብር መሥራቾች አሉት። ገንዘብ ያዥነቱ ክፍት ነው፣ ደረሰኝ ማያያዝ ስላለበት ማንም አልፈለገውም። ተራ አባል እስካሁን አልተገኘም። በቅርቡ አባላት የሚያፈላልግ ኮሚቴ ይቋቋማል ተብሏል። ለኮሚቴው ሰብሳቢነት የተወዳዳሪው ብዛት ለጉድ ነው።